እጅ ከማውጣታችሁ በፊት፦ ስለ ምርጫ ኮርስና ስለ ሳምንቱ ፕሮግራም

ባለፈው ቅዳሜ ወንድሜ ከግቢ መጣ። የሦስተኛ ዓመት የኢኮኖሚክስ ተማሪ ነው። እኔ እዚሁ ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ነው የምኖረው። ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል፣ ልብሱን ያጥባል፣ ሽሮ እሠራለታለሁ፣ በልቶ ይሄዳል። ያን ቀን ግን ጫማውን ሳያወልቅ ስልኩን አውጥቶ የክላሳቸውን የቴሌግራም ግሩፕ አሳየኝ። ሪፓቸው፣ የክላሱ ተወካይ ማለት ነው፣ «ሰኞ ኢሌክቲቭ (ምርጫ ኮርስ) እንመርጣለን፣ የቀረበልን ሁለት ነው» ብሎ ጽፏል። ከሥሩ መልእክት ተደርድሯል። «የቱ ነው የሚቀለው?» «ኤ የሚሰጠው የቱ መምህር ነው?» «ብቻ ዓርብ ከሰዓት እንዳይሆን!» ኮርሱ ስለ ምን እንደሆነ የጠየቀ አንድም ልጅ የለም።

«አንተስ የቱን ልትመርጥ ነው?» አልኩት።

«ብዙ ሰው የመረጠውን። ምን ለውጥ አለው ብለሽ ነው?»

ለውጥ አለው። ይህን የምለው ደርሶብኝ ስላየሁት ነው።

እኔ የተመረቅሁት በስታቲስቲክስ ነው። ሦስተኛ ዓመት ላይ ለእኛም ሁለት ኮርስ ቀረበልን። አንደኛው ሰርቫይቫል አናሊሲስ ነበር። ምርጫው የተካሄደው ከሚድ ፈተና ወጥተን ኮሪደር ላይ እንደቆምን ነው። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። «ሌላኛው ይሻላል፣ መምህሩ ማርክ አይሰስቱም» ተባለ። እኔም እጄን አወጣሁ። ሴሚስተሩ ሲከፈት እኚያ መምህር ለትምህርት ሄደው ነበር። ሌላ መምህር ተመደቡ። የተባለው ማርክም አልመጣም።

ዋናው ጉዳት ግን የታወቀኝ በዓመቱ፣ የመመረቂያ ጽሑፌን ስጀምር ነው። ዳታዬ የሕሙማን ክትትል መዝገብ ነበር። ጥያቄው አንድ ሰው ሕክምናውን ከጀመረ በኋላ ስንት ጊዜ ቆይቶ ያቋርጣል የሚል ነው። ክትትሉ ሲያበቃ ግን ብዙዎቹ ገና አላቋረጡም። እነዚህን ሰዎች ምን ታደርጓቸዋላችሁ? ትታችኋቸው ብታሰሉ መልሱ ይዛባል። እንዳቋረጡ ብትቆጥሯቸውም ይዛባል። ይህን የሚያስተምረው ያ እጄን ያላወጣሁለት ኮርስ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ማታ ማታ ብቻዬን ተማርኩት። መምህር ቢኖረኝ በሦስት ሳምንት የሚገባኝን ነገር ነው።

ስለዚህ ወንድሜን ቁጭ አደረግሁትና አብረን አየነው። ያየነውን ለእናንተም ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ አሠራሩን እወቁት። እኛ አገር አብዛኛው ተማሪ ፕሮግራሙን ራሱ አያወጣም። ዲፓርትመንቱ ለሴክሽኑ ያወጣለታል። ምርጫ ኮርስም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ይቀርብና ክላሱ በድምፅ አንዱን ይመርጣል። ለአምስት ልጅ ተብሎ ኮርስ አይከፈትም። እንግዲህ የእናንተ ምርጫ ያለው በድምፅ መስጫው ቀን ሳይሆን ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት ነው። የዲፓርትመንቱን ካሪኩለም ጠይቁና አንብቡት። የምርጫ ኮርሶቹ ዝርዝር እዚያ ውስጥ አለ፣ ከቀረቡላችሁ ሁለቱም ይበዛል። ያልቀረበ ኮርስ ከፈለጋችሁ ሴሚስተሩ ሳያልቅ ጓደኞቻችሁን አሰባስባችሁ፣ በሪፓችሁ በኩል ለዲፓርትመንቱ ኃላፊ ደብዳቤ ጻፉ። መምህር የሚመደበው አስቀድሞ ነው። ከእኛ በታች የነበሩት ልጆች እንዲህ አድርገው የሚፈልጉትን ኮርስ አስከፍተዋል። እኛ ግን መጠየቅ እንደሚቻል እንኳ አናውቅም ነበር።

ቀጥሎ ኮርስ አውትላይኑን፣ ማለትም የኮርሱን ምዕራፎችና የማርክ ክፍፍል የያዘውን ወረቀት፣ ፈልጉ። ኮርሱን የወሰደ ሲኒየር ስልኩ ላይ አያጣውም። ሲይዙት ብዙ ልጆች የመጀመሪያውን ገጽ አይተው ይተዉታል። እኔ ከመጨረሻው ነው የምጀምረው። የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች መግቢያና ትርጉም ናቸው፣ በሁሉም ኮርስ ይመሳሰላሉ። ኮርሱ የት ሊያደርሳችሁ እንደሚፈልግ የሚታወቀው በመጨረሻዎቹ ሁለት ምዕራፎች ነው። ከዚያ የማርክ ክፍፍሉን እዩ። ፋይናሉ 50 ከሆነና ቀሪው በፕሮጀክትና በኩዊዝ ከተከፋፈለ፣ ሴሚስተሩን ሙሉ ሥራ አለ ማለት ነው። ፕሪሪኩዚቱንም (አስቀድሞ መወሰድ ያለበትን ኮርስ) አትለፉት። ሪግሬሽን ሳይገባው ኢኮኖሜትሪክስ ውስጥ የገባ ልጅ በሦስተኛው ሳምንት ሲጠፋ አይቻለሁ።

ሲኒየር ስትጠይቁ ደግሞ «ቀላል ነው?» አትበሉ። ለአንዱ የቀለለው ለሌላው ይከብዳል። ስንት አሳይመንት እንደነበረ ጠይቁት። ፈተናው ከሀንድአውቱ ቃል በቃል ይመጣ እንደሆነ፣ ወይስ ችግር ፍቱ የሚል እንደሆነ ጠይቁት። ክላስ በየሳምንቱ ነበር ወይስ መጨረሻ ላይ በሜካፕ (በማካካሻ ክላስ) ታጭቆ አለቀ? ከዚያም «አሁን ላይ ከዚያ ኮርስ የቀረህ ምንድን ነው?» በሉት። የሚያወራው ነገር ካለው ኮርሱ ቁም ነገር አለው።

አሁን ስለ ማርኩ ላውራ፣ ምክንያቱም ሁሉም የሚፈራው እሱን ነው። ወንድሜን ካልኩሌተር አስከፈትኩት። ባለ 3 ክሬዲት ሀወር ኮርስ ነው እንበል። ኤ 4 ነው፣ ሲ 2 ነው። ልዩነቱ 2 ሲባዛ በ3፣ 6 ነጥብ ማለት ነው። በሴሚስተሩ የወሰዳችሁት 17 ክሬዲት ሀወር ከሆነ፣ የዚያ ሴሚስተር ውጤት በ0.35 ይለያያል። ያስደነግጣል። ነገር ግን እስክትመረቁ 120 ክሬዲት ሀወር ብትወስዱ፣ ያው 6 ነጥብ በጠቅላላ ውጤታችሁ ላይ 0.05 ብቻ ነው። ያውም በኤና በሲ መካከል ያለው ልዩነት ነው። በኤና በቢ መካከል ከሆነ የዚህ ግማሽ ነው። ወንድሜ ሁለት ጊዜ ደግሞ አሰላው። ውጤቱ ጠርዝ ላይ ያለ ልጅ፣ ለምሳሌ 2.00ን ለመጠበቅ የሚታገል፣ ለማርኩ ቅድሚያ ቢሰጥ ልክ ነው። ሌላው ግን ለ0.05 ብሎ የሚጠቅመውን ኮርስ ባይተው እመኛለሁ።

የመውጫ ፈተናንም አስቡ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማለፊያው 50 የሆነውን ይህን ፈተና ያላለፈ ተማሪ አይመረቅም። ፈተናው የሚያተኩረው በዋና ዋና ኮርሶች ላይ ነው። ከባድ ዋና ኮርስ ባለበት ሴሚስተር ፕሮጀክት የበዛበት ምርጫ ኮርስ አትጨምሩ።

ወደ ወንድሜ ልመለስ። የቀረቡላቸው ኸልዝ (የጤና) ኢኮኖሚክስና ኧርባን (የከተማ) ኢኮኖሚክስ ናቸው። ሁለቱም ጥሩ ናቸው። «የመመረቂያ ጽሑፍህ ስለ ምን ይሁን ትላለህ?» አልኩት። አላሰብኩበትም አለኝ። ከዚያ ግን ስለ አንዲት የሰፈራችን ልጅ ማውራት ጀመረ። በ2008 ዓ.ም. በተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ስፌት ትሠራለች። ከሌሎች ሦስት ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይታለች። ወደ ፓርኩ ቀረብ ቢሉ ኪራዩ ይወደዳል፣ ራቅ ቢሉ ሰዓትና ጉልበት ይበላል። «ሁልጊዜ ይገርመኛል፣ የቱ ነው የሚያዋጣት?» አለኝ። ይህ እኮ የኧርባን ኢኮኖሚክስ ጥያቄ ነው። ርቀትና ኪራይ እንዴት እንደሚያያዙ የኮርሱ እምብርት ነው። አውትላይኑን ከፍተን ምዕራፉን ስናገኘው ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። ምርጫው እዚያው አለቀ። እናንተም እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ የሚከነክናችሁን ጥያቄ ፈልጉ፣ ኮርሱን ከዚያ።

አድና ድሮፕንም፣ ኮርስ መጨመርና መጣልን ማለት ነው፣ በአጭሩ። ቀኑ በአካዳሚክ ካላንደሩ ላይ ይጻፋል፣ አጭር ነው፣ ካለፈ አለፈ። ኮርስ ከመጣላችሁ በፊት አድቫይዘራችሁን አግኙ። አንዳንድ ኮርስ በዓመት አንዴ ብቻ ነው የሚሰጠው። እሱን ጥሎ፣ ቀጣዩ ኮርስ በእሱ ላይ የተመሠረተ ከሆነ፣ ከጓደኞቹ ጋር ሳይመረቅ የቀረ ልጅ አውቃለሁ።

አሁን ፕሮግራሙ። ዲፓርትመንቱ የሚሰጣችሁ የክላስ ሰዓት ብቻ ነው። ቀሪውን ሳምንት የምታወጡት እናንተ ናችሁ። ወለሉ ላይ አንድ ነጭ ወረቀት ዘረጋንና ሰባት ዓምድ አሰመርን።

መጀመሪያ የማይነካውን ሞላን። ክላስ፣ ካፌ፣ እንቅልፍ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ልብስ ማጠቢያ ሰዓት። ነን ካፌ የሆናችሁ፣ ማለትም በግቢው ካፌ የማትመገቡ፣ የማብሰያውን ሰዓት ጻፉት፣ ከምታስቡት በላይ ይወስዳል። ከዚያ ቁጥሩን አወጣን። ኢሲቲኤስ የኮርስ የሥራ ጫና መለኪያ ነው። ባለ 5 ኢሲቲኤስ ኮርስ ማለት በሴሚስተሩ 135 ሰዓት ሥራ ማለት ነው። ለ16 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት ከ8 ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። ወንድሜ ስድስት ኮርስ አለው። በሳምንት ወደ 50 ሰዓት ማለት ነው። ክላሱ 18 ነው። 32 ሰዓት ቀረ። «ይህን ሁሉ?» አለኝ። እውነቱን ነገርኩት። ሁሉንም በየሳምንቱ የሚሞላ ተማሪ አላየሁም። ግን ቁጥሩን ማወቁ አንድ ነገር ያደርጋል። ፈተና ሲደርስ ለምን እንደሚጨናነቅ ይገባዋል፣ ቢያንስ ግማሹን ከአሁኑ ቦታ ይሰጠዋል።

ቦታ አሰጣጡ ላይ ጊዜ ወሰድን። ሐዋሳ ከሰዓት በኋላ ይሞቃል። በተለይ ዝናቡ ሳይጀምር በፊት 8 ሰዓት ላይ ሒሳብ እሠራለሁ ማለት ከእንቅልፍ ጋር መታገል ነው። ስለዚህ የሚከብደውን ጠዋት ከክላስ በፊት ወይም ማታ ከ1 ሰዓት በኋላ አደረግነው። ከሰዓቱን ለፕሪንት፣ ለግሩፕ ሥራ፣ ኖት ለማስተካከል ተውነው። የተማራችሁትን ያኑ ዕለት 40 ደቂቃ መልሳችሁ ብታዩት፣ በሳምንቱ ሁለት ሰዓት ከማንበብ ይሻላል። በዚህ እምነቴ ጽኑ ነው፤ ከእኔ ጋር ዶርም ውስጥ የነበሩት ጎበዞች ሁሉ የሚያደርጉት ይህን ነበር።

ሁለት ከሰዓት ደግሞ ባዶ ይሁኑ። ይህን ማንም አይነግራችሁም። ሜካፕ ክላስ አይቀርም። መምህሩ ሁለት ሳምንት ሳይመጡ ይቀሩና በሦስተኛው «ነገ 9 ሰዓት» ይባላል። ባዶ ቦታ ከሌላችሁ የሚፈርሰው ጥናታችሁ ነው። እኛ ረቡዕንና ዓርብን ከሰዓት ተውናቸው።

በዓላትንና ጾምንም ጻፉ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። እስከ 9 ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ የጠዋቱ ጉልበት 6 ሰዓት ላይ ያልቃል፣ ጥናታችሁን ወደ ማለዳ አምጡት። ረመዳን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ ስለሚሸሽ ካላንደር እያያችሁ አስተካክሉ። እዚህ ከተማ ደግሞ ፍቼ ጨምበላላ አለ። በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ ነው። ቀኑ በካላንደር ላይ ታትሞ አይመጣም፣ አያንቶ የሚባሉ የሲዳማ አዋቂ ሽማግሌዎች ከዋክብትን አይተው ነው የሚወስኑት። ሲታወጅ ከተማው በሙሉ ጉዱማሌ ወደሚባለው የበዓሉ ሜዳ ይወጣል። በዚያ ሳምንት የሚገባ አሳይመንት ካላችሁ አስቀድማችሁ ጨርሱትና በዓሉን እዩት።

ማታ 12 ሰዓት ላይ ደግሞ አንድ ሰዓት ለሐይቁ ተውን። መጽሐፍ ይዞ አይደለም፣ ትንኟም አታስነብብም። ዝም ብሎ መሄድ፣ አባ ኮዳ የሚባሉትን ትልልቅ ወፎች እያዩ መመለስ። ወንድሜ «ይህም ይጻፋል?» አለኝ። አዎ፣ ካልተጻፈ በሁለተኛው ሳምንት ይጠፋል።

ሰኞ 6 ሰዓት ላይ ደወለልኝ። ከድምፅ አሰጣጡ በፊት ሪፑን አስፈቅዶ ስለ ኪራዩና ስለ ፓርኩ ልጆች ሦስት ደቂቃ ተናግሯል። ኧርባን ኢኮኖሚክስ በአራት ድምፅ አሸነፈ።

«ግን ሰዓቱ ዓርብ ከሰዓት ነው» አለኝ።

ወረቀቱን አውጣና የዓርቡን ባዶ ቦታ ወደ ሐሙስ አዛውረው አልኩት። ሐሙስ ላይ የነበረው ግሩፕ ሥራ ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት ይግባ። ልብሱን ከሰዓት ይዞ ይመጣል።