ላሊበላን ሳይጎዱ እንዴት መጎብኘት ይቻላል?

ታኅሣሥ 29 ማለዳ በቤተ ማርያም ዙሪያ ጠጠር መጣያ አይገኝም። ካህናቱ ግማሾቹ ከላይ በዓለቱ አፋፍ፣ ግማሾቹ ከታች በቅጽሩ ውስጥ ተሰልፈው «ቤዛ ኩሉ»ን ሲያሸበሽቡ፣ ነጠላ የለበሰው ሕዝብ አፋፉንም ደረጃውንም መተላለፊያውንም ይሞላዋል። ብዙ ቀን በእግሩ ተጉዞ የደረሰ አለ፤ ትናንት በአውሮፕላን የገባም አለ። የሦስት አራት ቀን ነገር ነው። በዓሉ አልፎ ሕዝቡ ሲበተን አስጎብኚው በር ላይ ቆሞ ሰው ይጠብቃል፤ የሆቴሉ ክፍልም ይቆለፋል።

የጎብኚ ብዛት ያስጨነቃቸው ቦታዎች በዓለም ላይ ብዙ ናቸው። ቬኒስ እ.ኤ.አ. በ2024 በተጨናነቁ ቀናት ውሎ ለመመለስ ከሚመጣ ጎብኚ 5 ዩሮ ማስከፈል ጀመረች። ታይላንድ ማያ ቤይ የተባለውን የባሕር ዳርቻ በ2018 ዘግታ እስከ 2022 መጀመሪያ አሳርፋዋለች። ላሊበላን ግን እንዲህ መዝጋት አይታሰብም፤ ስምንት መቶ ዓመት ያህል የተቀደሰበት፣ ዛሬም የሚቀደስበት ቦታ ነው። ዓመቱን ሙሉ ሰው በዝቶበትም አያውቅም። የሚጎዳው ሁሉም በአንድ ሰሞን በአንድ ጠባብ ግቢ ሲገናኝ ነው፤ ይህን ደግሞ እያንዳንዱ ተጓዥ ከቤቱ ሳይወጣ ሊያቃልለው ይችላል።

1. ቀኑን ይምረጡ

ለገና የሚሄዱት ለመሳለም፣ ስእለት ለማድረስ ከሆነ ይሂዱ። ያ በዓል የምእመናን ነው፤ ማንም «አትሂዱ» ሊላቸው አይገባም። ፍላጎትዎ ሕንጻዎቹን ማየት፣ ታሪኩን መስማት፣ ፎቶግራፍ ማንሳት ከሆነ ግን ገናንና ጥምቀትን ለተሳላሚው ይተዉለት። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ዝናቡ ያባራበት፣ የላስታ ተራሮች ገና አረንጓዴ የሆኑበት ነው። በእነዚያ ሳምንታት ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ ብቻዎን ቆመው፣ ከታች የአንድ ዲያቆን ንባብ ሲያስተጋባ መስማት ይችላሉ። በእኔ እምነት ላሊበላ ከዚህ በላይ የምትታይበት ጊዜ የለም።

ከአሜሪካና ከአውሮፓ ለሚመጡ ወገኖቻችን ዕረፍታቸው ከፈረንጆች ገና ጋር ስለሚገጥም ቀን መቀየር ይከብዳቸው ይሆናል። ቢያንስ ከበዓሉ በኋላ ባለው ሳምንት መድረስን ያስቡበት። ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት የአካባቢውን ጸጥታ እዚያው ከሚኖር ሰው ጠይቀው ያረጋግጡ።

2. ይደሩ

ጠዋት በአውሮፕላን ደርሶ፣ ዐሥራ አንዱን አብያተ ክርስቲያናት በሩጫ ዞሮ በማግስቱ የሚመለስ ሰው ለከተማዋ ትቶ የሚሄደው ብዙም የለም። ሦስት ሌሊት ያደረ ግን እራቱን ይበላል፣ ቡናውን ይጠጣል፣ ጋቢ ይገዛል፣ በቅሎ ይከራያል። ኮሮናና ከዚያ የተከተለው ጦርነት የላሊበላን አስጎብኚዎች፣ ሸማኔዎችና የሆቴል ሠራተኞች ከሥራ አውጥተው ጎድተዋቸዋል። ስለዚህ ማደሪያዎን የአካባቢው ሰው ከሚያስተዳድረው ቤት ይምረጡ፤ አስጎብኚዎም የከተማዋ ልጅና ፈቃድ ያለው ይሁን። ዋጋውን አስቀድመው ተስማምተው ሙሉውን ይክፈሉ። ጎብኚ በጠፋበት ወቅት የሰውን ችግር እያዩ በዋጋ መከራከር ተገቢ አይደለም።

3. ድንጋዩን ይወቁት

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ብዙ ሰው ሳያውቅ የሚጎዳው ይህን ነውና።

እነዚህ ቤቶች ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርቦ የተገነቡ አይደሉም። አንድ ወጥ ዓለት ከላይ ወደ ታች እየተፈለፈለ ጣሪያው፣ ዓምዱ፣ መስኮቱ፣ ወለሉ ከዚያው ወጣ። ይህ የተቻለው ዓለቱ ከእሳተ ገሞራ የተገኘና ለመሮ የሚመች ስለሆነ ነው። ለመሮ የተመቸ ድንጋይ ለውኃም ለእግርም ይመቻል። ዝናብ በስንጥቁ ይገባል፣ ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ገጹ እየተቀረፈ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2008 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተሠሩት ትልልቅ መጠለያዎች ዝናቡን ለመከላከል ነበር፤ ነዋሪው ግን መጠለያዎቹ ራሳቸው ወድቀው እንዳይጎዱት ሲሰጋ ኖሯል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ቦታ እንዲህ ባለ ጭንቀት ውስጥ ነው ያለው።

ቤቶቹ ውስጥ ጫማ ማውለቅ ግዴታ ነው፤ በመተላለፊያዎቹና በደረጃዎቹም ጠንካራ ሶል ያለው ጫማ አያድርጉ። ጀርባዎ ላይ ያዘሉት ሻንጣ በጠባቡ ዋሻ ውስጥ ግድግዳውን ይፍቃል፤ ስለዚህ ሆቴል ይተዉት፣ ካልሆነም ወደ ፊት አዙረው ይያዙት። ለበረከት ብለውም ቢሆን ከዓለቱ ቁራጭ አያንሱ። በቤተ ማርያም ጣሪያና ቅስቶች ላይ ያሉትን ሥዕሎች ሲያዩ ፍላሽ አይጠቀሙ፤ አስጎብኚው በባትሪ ሲያሳይዎትም አንድ ሥዕል ላይ ብርሃኑን ለረጅም ጊዜ አያቁሙበት። የቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ከ10 ሜትር በላይ የሚወርድ ነው፤ ፎቶግራፍ ለመነሳት ጠርዙ ላይ መቀመጥ ጠርዙንም ይሸርፋል፣ ነፍስንም ያስከፍላል።

4. ጸሎት ላይ ሲደርሱ

ቅዳሴ እየተቀደሰ ከሆነ ውጭ ይጠብቁ፤ ወይም ነጠላ ለብሰው ገብተው እስኪያልቅ ይቁሙ። በምእመናን መካከል እያቋረጡ ቪዲዮ መቅረጽ ነውር ነው፤ ኢትዮጵያዊ መሆን ለዚህ ፈቃድ አይሰጥም። ካህኑ መስቀሉን ይዘው እንዲቆሙልዎ ከፈለጉ በትሕትና ይጠይቁ። «እምቢ» ካሉ ተሳልመው ይለፉ።

5. ውኃና ስንቅ

ላሊበላ ውኃ እንደ ልብ የሚገኝባት ከተማ አይደለችም። ገላዎን በአጭሩ ይታጠቡ፤ ፎጣዎ በየቀኑ እንዲታጠብ አይጠይቁ። የራስዎን ኮዳ ይዘው ይሂዱ። በፕላስቲክ ጠርሙስ ከጠጡም ባዶውን ሻንጣዎ ውስጥ ከተው ወደመጡበት ይመልሱት፤ እዚያ የተጣለ ላስቲክ የሚጠራቀመው ገደል ውስጥ ነው።

ለገና የሚሄዱ ከሆነ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና የሚደርቡት ጋቢ ይያዙ። በዚያ ሰሞን የከተማዋ ሰው ከሩቅ የመጣውን ተሳላሚ እግር አጥቦ ያበላል። እኔም አንድ ዓመት ደክሞኝ ስደርስ አንዲት እናት በር ላይ ጠርተው፣ ውኃ አሙቀው እግሬን አጥበውልኛል። ውኃውን ከየት ቀድተው እንዳመጡት የገባኝ በማግስቱ፣ ሴቶቹ ጀሪካን ተሸክመው ዳገቱን ሲወጡ ሳይ ነው። እንዲህ ያለ መስተንግዶ ሲገጥምዎ ይቀበሉት፤ ግን ስንቅዎን ለቤቱ ያካፍሉ፣ ለሰነበቱበትም የሚገባውን ትተው ይውጡ።

6. ልጆች

ተከትለው ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ብር ሲጠይቁዎት አንጀትዎ ቢንሰፈሰፍም መንገድ ላይ አይስጡ። ከቱሪስት ጀርባ የሚገኘው ገንዘብ ልጅን ከክፍል ያስቀራል። መርዳት ከፈለጉ አስጎብኚዎን ትምህርት ቤት እንዲያደርስዎ ይጠይቁ፤ የሚያስፈልገውን ከርእሰ መምህሩ ሰምተው እዚያው ያስረክቡ።

7. ከከተማዋ ወጣ ይበሉ

ሦስት ሌሊት ይደሩ ያልሁበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ ውስጥ የተሠራ፣ እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቁ የተነባበሩበት፣ ከላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የሚቀድም ሕንጻ ነው። በነአኩቶ ለአብ ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበው ጠበል በድንጋይ ገበታዎች ይጠራቀማል። አሸተን ማርያም ከከተማዋ በላይ ተራራው ላይ ናት፤ በእግር ወይም በበቅሎ ይወጣል። ገነተ ማርያምም በሥዕሎቿ የታወቀች ናት። የእነዚህ ቦታዎች ካህናት ከመግቢያ ክፍያ የሚያገኙት ለጣሪያ መጠገኛና ለዕጣን ነው፤ ብዙ ቀን ግን ማንም ሳይመጣ ይመሻል። አንድ ቀን ወደ እነርሱ በሄዱ ቁጥር ከቤተ ጊዮርጊስ ደረጃ ላይ ሁለት እግር ያነሳሉ።

መንገዱ ድካም አለው፤ ስለዚህ አንዱን ቀን ለአንድ ቦታ ብቻ ይስጡት። አስጎብኚዎ መኪናውን ከከተማዋ ሰው እንዲከራይልዎ ያድርጉ፤ ምሳም ይዘው ይውጡ።

ሲመለሱ ፎቶግራፎችዎን ለወዳጆችዎ ማሳየትዎ አይቀርም። የቤተ ጊዮርጊስን ፎቶግራፍ ሁሉም አይቶታል፤ የይምርሐነ ክርስቶስን፣ የነአኩቶ ለአብን ከነስማቸው ያስቀድሙ። የአስጎብኚዎን ስልክ ቁጥር፣ እርሱ ከፈቀደ፣ ለሚጠይቅዎ ይስጡ። «መቼ ልሂድ?» የሚል ሲመጣም «በጥቅምት» ይበሉት።