የንጉሥ ቅርጽ ከመግዛትዎ በፊት ጀርባውን ይዩ

ጥንታዊ የአውሮፓ ንጉሥ ወይም ንግሥት የእንጨት ቅርጽ ሲያገኙ ዘውዱ አያታልልዎ፤ መጀመሪያ ያዙሩት። በ1500 ገደማ በደቡብ ጀርመን ሊንደን ከተባለ ዛፍ እንጨት ከተሠሩት ውስጥ ግድግዳ ተደግፈው የሚቆሙት ብዙዎቹ ጀርባቸው የተቦረቦረ ነው፤ የግንዱ እምብርት ካልወጣ ሲደርቅ ይሰነጠቃላ።

ቀጥሎ እንጨት የሚበላው ነቀዝ የተወውን ምልክት ይመልከቱ። ሲወጣ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር የሆነ ክብ ቀዳዳ ይተዋል፤ እየበላ የሄደበት ቦይ ግን ከእንጨቱ ውስጥ ለውስጥ ነው። በንጉሡ ጉንጭ ላይ በቁመቱ የተገለጠ ቦይ ካዩ፣ አብዛኛውን ጊዜ እንጨቱ ከተበላ በኋላ ተቀርጿል ወይም ተፍቋል ማለት ነው። የዘውድ ጫፍና በትረ መንግሥት ግን ቶሎ ስለሚሰበሩ ቢተኩም አይግረምዎ።

እርጥብ ጨርቅ አያስነኩት፤ ከቀለሙ ሥር ያለው ጠመኔና የእንስሳት ሙጫ ውሃ ሲያገኝ ይላቀቃል። ለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ይበቃል። ቀለሙ የሚቀረፍ ከሆነ እሱም ይቅር።