ከባሕር ዛፉ እስከ ምጣዱ፦ የማገዶ ችግርና መፍትሄ

ጓሯችን ዳር ያለው ባሕር ዛፍ ከልጅነቴ ጀምሮ ማገዷችን ነው። እኔው እቆርጣለሁ፣ እኔው እፈልጣለሁ፣ እኔው አደርቃለሁ። በዚህ የተነሳ ሰፈር ውስጥ ምድጃ ሲያስቸግር የምጠራው እኔ ነኝ። መጥረቢያ አያያዝና እሳት አነዳድ ታውቃላችሁ ብዬ ስለማስብ እሱን አልደግምም።

ዛፉ ሌላ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ

ከአንድ ወገን ብቻ ስለተቆረጠ ነው። በሚወድቅበት በኩል የውፍረቱን ሩብ ያህል እንደ አፍ ክፈቱለት። ከዚያ በጀርባው በኩል ትንሽ ከፍ ብላችሁ ቁረጡ። መሀል ላይ እንደ በር ማጠፊያ የሚይዝ ስስ እንጨት ተዉ፤ እሱ ነው አቅጣጫውን የሚጠብቀው። የተንጠለጠለ ዛፍ ሥር አትግቡ። የተደገፈበትንም ዛፍ አትቁረጡ፤ ሁለቱም አንድ ላይ ይመጡባችኋል። ግርጌው ላይ ገመድ አስራችሁ ከሩቅ ሳቡት። የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚደርስ ዛፍ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ አትንኩት።

ሞተር መጋዙ ፍርፋሪ ሳይሆን ዱቄት ያወጣል

ጥርሱ ደንዟል። በክብ ሞረድ ሳሉት።

የመጥረቢያው ራስ ይወልቃል

ብዙ ሰው ውሃ ውስጥ ነክሮ ያሳድረዋል። ለአንድ ቀን ይጠብቃል፤ እጀታው ሲደርቅ ከበፊቱ ይብሳል። ሽብልቁን አውጡና አዲስ ደረቅ ሽብልቅ ምቱበት። እጀታው ከወይራ ቢሆን ይመረጣል። ሁለት ጉማጅ ሳይፈልጥ ስለቱ የሚታጠፍ ርካሽ መጥረቢያ ገበያው ላይ ሞልቷል። እሱን ገዝታችሁ ጉልበታችሁን አትጨርሱ።

ጉማጁ አልፈለጥ አለ

አስቀምጣችሁት ደርቋል ማለት ነው። ባሕር ዛፍ ክሩ የተጠማዘዘ ነው፤ ከደረቀ በኋላ እንደ ድንጋይ ነው የሚሆነው። በተቆረጠ በሳምንቱ ፍለጡት። ካለፈባችሁ መሀሉን አትምቱ፣ ከዳር ዳር እየቀረፋችሁ ግቡ። ጉጥ ያለበትን በብረት ሽብልቅ ሞክሩት፤ እምቢ ካለ ለብቻ አስቀምጡት፣ ለድግስ ትልቅ እሳት ይሆናል።

ምጣዱ አይሞቅም፣ እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ጭሱ ቤቱን ሞላው

ዋናው ነገር ይሄ ነው። ስጠራ ብዙውን ጊዜ የማገኘው ይህንኑ ነው።

አንዲት ጎረቤታችን አስጠሩኝ። እንጀራቸው ከምጣዱ አልነሳ ብሏል፣ የተነሳውም ዓይን የለውም። መጀመሪያ ሊጡን ወቀሱ፣ እርሾ ለወጡ። ቀጥለው ማሰሻውን ወቀሱ። ከዚያ አዲስ ምጣድ ገዙ። በመጨረሻ «ምርጥ» የሚባለውን የሲሚንቶ ምድጃቸውን አፍርሰው እንደገና አስገጠሙ። ይህ ሁሉ ወጪ ከወጣ በኋላ ነው እኔ የደረስኩት። ምድጃው ምንም አልሆነም። ጓሮ ዞሬ ክምሩን አየሁት፤ እስከ መሬት ድረስ በላስቲክ ተጠቅልሏል። ላስቲኩን ስገልጠው ውስጡ ላብ አለው። አንዱን ፍልጥ ለሁለት ሰንጥቄ የውስጡን ፊት ጉንጬ ላይ አደረግኩት፤ ቀዘቀዘኝ። ከቤቴ ሁለት እቅፍ ደረቅ አምጥቼ አነደድነው። ሦስተኛው እንጀራ ላይ ዓይኑ መጣ። እሳቸው ግን የተደሰቱ አይመስሉም ነበር፤ የምጣዱ ዋጋ ትዝ ብሏቸው ይመስለኛል።

ምክንያቱ ውሃ ነው። አሁን የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። 10 ኪሎ ርጥብ እንጨት ምድጃ ውስጥ ስትከቱ፣ ወደ 5 ሊትር ውሃ አብራችሁ ከተታችሁ። እሳቱ ምጣዱን ከማሞቁ በፊት ያንን ውሃ ማትነን አለበት። ምጣዱ ደግሞ ዓይን ለማውጣት 200 ዲግሪ አካባቢ ይፈልጋል። ሙቀቱ በእንፋሎት ሲሄድ የእንጨቱ ጋዝ ሳይነድ ይወጣል። ዓይናችሁን የሚያስለቅሰው ጭስ፣ ግድግዳውን የሚያጠቁረው ጥቀርሻ እሱ ነው። ማገዶ ነበር፤ ሳይነድ አመለጠ።

ርጥብነቱን ለማወቅ ሁለት ፍልጥ አጋጩ። ደረቅ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ ርጥብ ዱብ ይላል። እሳት ውስጥ ጫፉ ላይ አረፋ ካወጣና ከተንጫጫ ርጥብ ነው። ጫፉ መሰንጠቁን ብቻ አይታችሁ ግን አትመኑት፤ ጫፉ ተሰንጥቆ መሀሉ ውሃ የቋጠረ ብዙ አይቻለሁ። እኔ አንድ ፍልጥ ላይ በከሰል ምልክት አደርግና በየሁለት ሳምንቱ እመዝነዋለሁ። ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ክምሩ ደርሷል።

መፍትሄው የሚጀምረው ከዛፉ ነው። ክረምቱ እንዳለፈ፣ በጥቅምት ቁረጡ። በሳምንቱ ፍለጡ፤ ሳይፈለጥ ልጡን ለብሶ የተጋደመ ግንድ ላዩ ቢጠነክርም፣ ዓመት ቢቀመጥም ውስጡ በደንብ አይደርቅም። ፍልጡ ከእጅ አንጓ ባይወፍር ጥሩ ነው፤ የምርጥ ምድጃ አፍ ጠባብ ነው። በድንጋይ ወይም በርብራብ ላይ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ አድርጉት። በፍልጦቹ መካከል ነፋስ ይለፍ። ላዩን ብቻ በቆርቆሮ ሸፍኑ፤ ጎኑን ክፍት ተዉት። ላስቲክ አትጠቅልሉ። ደግሜ እላለሁ፣ ላስቲክ አትጠቅልሉ! ዝናቡን ይከለክላል፣ ከእንጨቱ የሚወጣውንም ውሃ አብሮ ያፍናል። እንዲህ የተከመረ ፍልጥ በጋውን ሙሉ ነፋስና ፀሐይ አግኝቶ ግንቦት ላይ ይደርሳል። ሰኔ ሳይገባ ጣሪያ ሥር አስገቡት።

ገዝታችሁ ከሆነ የበለጠ ተጠንቀቁ። አንድ ዘመዳችን ለልጁ ሰርግ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አንድ መኪና ፍልጥ አስጫነ። ሻጩ «ደረቅ ነው» ብሎ ምሏል። ላይ ላዩ እውነትም ደረቅ ነበር፤ መሀሉ ግን በዚያው ሳምንት የተቆረጠ ነው። በሰርጉ ዋዜማ ወጥ ሠሪዎቹ በጭስ ታፍነው ሲያለቅሱ አደሩ፣ ወጡም ሳይደርስ ነጋ። ይህን የሚያደርግ ሻጭ ያናድደኛል። ከመክፈላችሁ በፊት ከክምሩ መሀል አስወጡና ራሳችሁ አጋጩ።

ጭሱ ሌላ ሽታ አለው

የአሮጌ ኤሌክትሪክ ምሰሶ ስብርባሪ፣ ቀለም የተቀባ እንጨት፣ ኮምፖርሳቶ አታንድዱ። ምሰሶው እንዳይበሰብስ በመርዝ የተነከረ ነው። ቁልቋልም ከማገዶው አይቀላቀል፤ ወተቱ ዓይን ያጠፋል።

ጉቶው አላቆጠቆጠም

ከፍ ተደርጎ ወይም ልጡ ተቀዶ ተቆርጧል። ከመሬት አንድ ስንዝር ሳይሞላ ዝቅ አድርጋችሁ፣ ውሃ እንዳይቋጥር ሰያፍ ቁረጡ። ጉቶው ላይ ቅጠል አታቃጥሉ። ሲያቆጠቁጥ ጠንካሮቹን ሁለት ሦስት ብቻ አስቀሩ። ባሕር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር ያወጣው ቶሎ አድጎ፣ ተቆርጦም ደግሞ ስለሚያቆጠቁጥ ነው። ጉቶውን ከጠበቃችሁ ጽድና ወይራ የምትነኩበት ምክንያት አይኖርም።

ነሐሴ ገብቷል፣ ያለኝ ርጥብ ብቻ ነው

አውራ ጣት እስኪያክል አሳንሳችሁ ፍለጡት። ለቁርስ ቡናና ለሻይ ይሁን፤ ለእንጀራ ቀን ከጎረቤት ደረቅ ተበደሩ። ቤቱ እንዲሞቅ ብላችሁ ፍም ይዛችሁ በር ዘግታችሁ አትተኙ፤ ሽታ የሌለው ጋዙ ሳታውቁት ይገድላል። የነገውን ማገዶ ዛሬ ምድጃው አጠገብ ደርድሩት፣ ግን አንድ ክንድ አርቁት። ምድጃው ላይ ለማድረቅ ተደርድሮ ሌሊት የተቀጣጠለ ክምር አይቼ አጥፍቻለሁ።