የመንገደኛ ባቡር ሲዘገይ፣ ሲሞቅና ባዶውን ሲሄድ፦ የአዲስ አበባ–ድሬዳዋ–ጅቡቲ መስመር ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ከሰበታ ተነስቶ በአዳማ፣ በአዋሽና በድሬዳዋ አድርጎ ጅቡቲ ነጋድ የሚደርሰው መስመር 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። የሀዲዱ ስፋት 1435 ሚሊ ሜትር፣ ባቡሩን የሚያንቀሳቅሰው የኤሌክትሪክ ሽቦ ኃይል 25 ሺህ ቮልት ነው። መስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቆ መደበኛ ሥራ የጀመረው በታኅሣሥ 2010 ነው። መንገደኛ የሚያማርረው ፉርጎው ውስጥ ስለሚያየው ነገር ነው፦ ስለ ወንበሩ፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ሽንት ቤቱ። መንስኤው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከፉርጎው ውጭ፣ ሀዲዱ ወይም ሽቦው ላይ ነው፤ አንዳንዴም ቢሮ ውስጥ። ወንበር ለመቀየር ገንዘብ ከማውጣት በፊት ከታች ያለውን በቅደም ተከተል ማየት ይሻላል።

በሰዓቱ ተነስቶ ዘግይቶ ይደርሳል

መጀመሪያ ደቂቃዎቹ የት እንደጠፉ ይፈለግ። ከትራፊክ መቆጣጠሪያው መዝገብ የ30 ቀን መረጃ ይወሰድና ባቡሩ በየጣቢያው ያለፈበት ሰዓት ከታቀደው ጋር ይነጻጸር። መዘግየቱ ሁልጊዜ በዚያው ክፍል ላይ ከሆነ ችግሩ ሀዲዱ ነው። ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ የሚዘል ከሆነ ደግሞ ችግሩ የባቡሮች መተላለፍ ነው።

ሀዲዱ ከሆነ፦ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ ባቡር ለ2 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ 40 ዝቅ በል ሲባል፣ ፍሬን ይዞ እንደገና እስኪፈጥን ድረስ ያለው ተደምሮ 3 ደቂቃ ያህል ይበላል። እንዲህ ያለ ገደብ 10 ቦታ ካለ 30 ደቂቃ ሄደ ማለት ነው። ሾፌሩ ቢቸኩል የሚያመጣው ለውጥ የለም፤ መቸኮልም የለበትም። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ ባለው ጠመዝማዛ ላይ በአሮጌው መስመር ከ400 በላይ ሰዎች የሞቱት ባቡሩ ከሚገባው በላይ ፈጥኖ ስለነበር ነው።

መፍትሄው እያንዳንዱን የፍጥነት ገደብ መመዝገብ ነው፦ የት፣ በምን ምክንያት፣ ማን ይጠግነዋል፣ መቼ ይነሳል። «ጊዜያዊ» ተብሎ ዓመት የሞላው ገደብ ባለቤት የሌለው ነው። በአብዛኛው የሚገኘው ምክንያት የሰጠመ አፈር፣ በአሸዋ የተሞላ ጠጠር ወይም የተደፈነ የውኃ ቱቦ ነው። በቆላው በኩል ጎርፍ በድንገት ስለሚመጣ፣ ቱቦዎቹ ከበልግ በፊት እስከ የካቲት፣ ከክረምት በፊት ደግሞ እስከ ሰኔ መጠረግ አለባቸው። ቱቦ መጥረግ አካፋና የቀን ሠራተኛ ነው የሚፈልገው፤ የታጠበ ሀዲድ ግን ባቡሩን ለቀናት ያቆማል።

መተላለፉ ከሆነ፦ ከሰበታ እስከ አዳማ ድርብ ሀዲድ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ነጠላ። በነጠላው ላይ ሁለት ባቡሮች የሚተላለፉት ጣቢያ ላይ ብቻ ነው። በጣቢያዎቹ መካከል 20 ኪሎ ሜትር ካለና የጭነት ባቡሩ በ60 የሚሄድ ከሆነ፣ አንድ የተበላሸ ቀጠሮ ቢያንስ 20 ደቂቃ ያስከፍላል፤ ያ ደግሞ ቀጣዩን ቀጠሮ ያበላሻል። ስለዚህ ቁርጥ ያለ ደንብ ይውጣ፦ የመንገደኛው ባቡር ከ20 ደቂቃ በታች ከዘገየ ቀድሞ የማለፍ መብቱ አይነካም፣ የጭነቱ ይጠብቀዋል። ከዚያ ካለፈ ተቆጣጣሪው እንደ ሁኔታው ይወስን። በጉዞ ሰሌዳው ላይ ከ7 እስከ 10 በመቶ መጠባበቂያ ጊዜ ይጨመር፤ እሱም መተላለፊያ ጣቢያዎቹ ፊት ፊት ይቀመጥ እንጂ መጨረሻው ላይ አይከማች። ባቡሩ በተግባር የሚፈጀው 9 ሰዓት ከሆነ የሚለጠፈውም 9 ይሁን። በ120 የፍጥነት ስሌት የተሠራ ሰሌዳ ለምረቃ ቀን ያምራል፤ መንገደኛ ግን ከሁለት ጊዜ በላይ አይታለልበትም።

ባቡሩ ከብትና ግመል ይገጫል

በ120 ፍጥነት የድንገተኛ ፍሬን እስከ 800 ሜትር ሊፈጅ ይችላል። በ300 ሜትር የታየ ግመል አይተርፍም። አጥር ብቻውን አይበቃም፤ መንጋው ወደ ውኃ የሚወርድበት መንገድ ከተዘጋ አጥሩ ይቆረጣል። መጀመሪያ ከአፋርና ከሶማሌ አርብቶ አደር ሽማግሌዎች ጋር የመንጋው መስመር በእግር ይታይ፤ መሻገሪያውም እዚያው ላይ ይሠራ። ለውኃ የተሠራ 2 ሜትር ከፍታ ያለው ቱቦ ለፍየል ይሆናል፣ ግመል ግን አይገባበትም። ለግመል 4 ሜትር ያህል ከፍታና ከወዲህ ማዶ የሚታይ ብርሃን ያስፈልጋል። ካሳ ይከፈል፤ ከገበያ ዋጋ በላይ ሲሆን ግን የደከመ ከብት ሀዲድ ላይ መታየቱ አይቀርም። ከካሳው የተወሰነው መንጋውን ለሚጠብቅ ለአካባቢው ሰው ደመወዝ ቢሆን ይመረጣል።

ፉርጎው ሲሄድ ይደበድባል

ይህ ችግር ከላይኛው ይወለዳል። ድንገተኛ ፍሬን ሲያዝ ጎማው ሳይዞር በሀዲዱ ላይ ተንሸራትቶ አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ይሆናል። 915 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጎማ በ100 ፍጥነት በሰከንድ 10 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ በእያንዳንዱ ዙር ጠፍጣፋው ሀዲዱን ይመታል። ድምፁ መንገደኛውን ያሰለቻል፣ ምቱ ደግሞ ሀዲዱንና ኩሽኔታውን ይጎዳል። የጠፍጣፋው ርዝመት ይለካ፤ በብዙ ሀገራት ደንብ ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሜትር ርዝመት ካለፈ ፉርጎው ተነጥሎ ጎማው ቶርኖ ላይ መስተካከል አለበት። ከእያንዳንዱ የከብት ግጭት በኋላ ጎማዎችን ማየት ግዴታ ይሁን።

ባቡሩ መሐል ሜዳ ላይ ቆመ፣ ውስጡም ጋለ

የሾፌሩን የቮልት መለኪያ ጠይቁ። ከ25 ሺህ ቀስ በቀስ ወርዶ ወደ 19 ሺህ ከተጠጋ በአንድ የኃይል ክፍል ውስጥ ብዙ ከባድ ባቡር አለ፤ ተቆጣጣሪው አንዱን የጭነት ባቡር ዳገት ከመጀመሩ በፊት ያቁመው። በአንዴ ዜሮ ከሆነ የኃይል ማከፋፈያ ጣቢያው መቁረጫ (ብሬከር) ወድቋል፤ አንድ ጊዜ መልሶ መሞከር ይቻላል። ኃይሉ ከያዘ ሽቦውን የነካው ወፍ ወይም ቅርንጫፍ ነበር። ደግሞ ከወደቀ ሽቦ ወድቋል ወይም ተሰርቋል፤ ሦስተኛ ሙከራ አያስፈልግም፣ ቡድን ይላክ። ማከፋፈያው ራሱ ኃይል ካላገኘ ጉዳዩ የብሔራዊው መረብ ነው።

ለመንገደኛው ግን ሁሉም አንድ ነው። መብራቱ በባትሪ ይቆያል፣ ማቀዝቀዣው አይቆይም፤ አንድ መደበኛ የመቀመጫ ፉርጎ ደግሞ 118 ሰው ይይዛል። ስለዚህ በአዋሽና በድሬዳዋ ነዳጅ የተሞላ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ከነሾፌሩ ተዘጋጅቶ ይቁም። የመላክ ውሳኔ በ30 ደቂቃ ውስጥ ይሰጥ። እስከዚያ ለአንድ ሰው 1 ሊትር ውኃ ባቡሩ ላይ ይኑር፣ በጥላው በኩል ያለው በር በሠራተኛ ጥበቃ ይከፈት።

ኃይል እያለ የሚሞቅ ከሆነ አዲስ የማቀዝቀዣ ኮምፕሬሰር ከማዘዝ በፊት የአየር ማጣሪያውንና ኮንደንሰሩን (ሙቀቱን ወደ ውጭ የሚያወጣውን ክፍል) ክፈቱ። በቆላው አቧራ ወርሃዊ ጽዳት አይበቃም፤ ማጣሪያው በየደርሶ መልሱ ይጽዳ፣ ኮንደንሰሩም ግፊቱ ዝቅ ባለ ውኃ ይታጠብ። መለዋወጫ ከአንዱ ፉርጎ ነቅሎ ለሌላው መስጠት ባህል ከሆነ ግን ማጽዳትም አያድንም። ነቀላው ካልቀረ በዚያው ዕለት የግዢ ትእዛዝ ይጻፍበት። የሚከማቸው መጠን ቀላል ስሌት ነው፦ በወር 2 ኮምፕሬሰር የሚበላሽ ከሆነና ከውጭ ለመምጣት ከውጭ ምንዛሪው ጋር 6 ወር የሚፈጅ ከሆነ፣ 2 ወር መጠባበቂያ ጨምሮ 16።

«ቲኬት አልቋል» ተብሎ ወንበሩ ባዶ ይሄዳል

ወንበር ለየጣቢያው ሲከፋፈልና ያልተሸጠው ሳይመለስ ሲቀር የሚመጣ ነው። ከጉዞው 24 ሰዓት በፊት ያልተሸጠ ሁሉ ወደ አንድ ቋት ተመልሶ በስልክ ይሸጥ። በስምና በመታወቂያ መሸጥ ደላላን ይቀንሳል፤ መታወቂያው በር ላይ ካልታየ ግን ዋጋ የለውም።

ሌላው ባዶነት ከጣቢያው ርቀት ይመጣል። የአዲስ አበባው ጣቢያ ፉሪ ለቡ ከመሐል ከተማ ሩቅ ነው፤ አዲሱ የድሬዳዋ ጣቢያም እንደ አሮጌው ከገበያው ጎን አይደለም። ለባቡሩ ከሚከፈለው ያልተናነሰ ለታክሲ የሚከፍል ሰው አውቶቡስ ይመርጣል። በቲኬቱ ዋጋ ውስጥ የተካተተ አውቶቡስ ከመሐል ከተማ ይነሳ፤ በመልሱም ባቡሩ ቢዘገይ አውቶቡሱ ይጠብቅ። እስከ አዳማ ባለው አጭር ጉዞ ከፍጥነት መንገዱ ጋር መወዳደር ልፋት ነው፤ ፉርጎዎቹ ለድሬዳዋ ይዋሉ።

በእያንዳንዱ ጉዞ ኪሳራ

ቲኬት የግንባታ ብድር አይከፍልም። በ2010 መጨረሻ የብድሩ መክፈያ ወደ 30 ዓመት የተራዘመውም ከጭነቱ ገቢ ጋር እንኳ ስለከበደ ነው። የመንገደኛው ሒሳብ ከጭነቱ ተለይቶ ይያዝ፤ በውስጡም የሚገቡት የባቡሩ ኃይል፣ ሠራተኛ፣ ጽዳትና ጥገና ብቻ ይሁኑ። ከዚያ በኋላ የሚቀረውን ጉድለት መንግሥት በውል ይሸፍን፤ ውሉም ስንት ጉዞ፣ በምን ያህል ሰዓት አክባሪነት ብሎ ይጻፍ፣ ካልተሟላም ክፍያው ይቀነስ። ሁለተኛ ዕለታዊ ባቡር የሚታሰበው የመጀመሪያው ለ3 ተከታታይ ወር ከ10 ጉዞ 9ኙን ከ30 ደቂቃ ባልበለጠ መዘግየት ሲደርስ ነው።