ከመብራት መስመር የራቀ የማዕድን ማቅለጫ፦ ቦታውና ኃይሉ እንዴት ይመረጣል?

በጎንደር ገጠር የመዳብ ድንጋይ አገኘሁ የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚጠይቀው የጄኔሬተር ዋጋ ነው። መቅደም ያለበት ግን ድንጋዩን ማስመርመር ነው። በላቦራቶሪ ውጤቱ መዳቡ 2 በመቶ ከሆነ ከአንድ ቶን የሚገኘው ቢበዛ 20 ኪሎ ነው፤ ቀሪውን 980 ኪሎ ማጓጓዝ የሚጠቅመው የጭነት መኪናውን ባለቤት ብቻ ነው። ስለዚህ መፍጨቱና ማጣራቱ እዚያው ቁፋሮው አጠገብ ይሁን። 25 በመቶ መዳብ እስኪይዝ ከተጣራ፣ ያ አንድ ቶን ከ80 ኪሎ የማይበልጥ ጭነት ይሆናል።

አሁን ቦታ ምረጡ። ጭነቱ ከቀለለ፣ ምሰሶና ሽቦ ወደ ተራራ ከመሳብ ጭነቱን መብራት ወዳለበት ማውረድ ይረክሳል። አዘዞ በኩል አስፋልት አለ፤ የአውሮፕላን ማረፊያውም እዚያው ስለሆነ የጭስ ማውጫውን ቁመት አስቀድማችሁ አስፈቅዱ። መስመሩ ስንት ኪሎዋት እንደሚችልም መሬቱን ሳትይዙ በጽሑፍ ጠይቁ። የሚወጣው ዕቃም ይመዝናል፦ ጋፋት ላይ የተሠራው ሴባስቶፖል 7 ቶን ገደማ ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ እስኪያደርሱት ገደል እያስጠረቡ ወራት ፈጅቶባቸዋል።

ማቅለጫው የግድ ገጠር የሚቀር ከሆነ፣ ለሙቀትና ለሞተር የሚውለውን ኃይል ለዩ። ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ጄኔሬተር ከናፍጣው ጉልበት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ሲሶውን ገደማ ነው። መዳብ የሚቀልጠው በ1,085 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሆነ፣ ለዚህ ሙቀት ነዳጁን በቀጥታ ምድጃው ውስጥ አንድዱት። ወፍጮውንና ፓምፑን ቀን ቀን ሶላር ያንቀሳቅስ፤ ሌሊት ወደ ምድጃው አየር ለሚነፋው ማራገቢያ ትንሽ ጄኔሬተር ይበቃል። ከሰል ከመረጣችሁ፣ በባህላዊ አከሳሰል 1 ኪሎ ከሰል ከ5 ኪሎ በላይ እንጨት ይፈጃል። ባሕር ዛፍ ከገበሬ በውል ግዙ፤ የደብር ጥድ ግን አይታሰብም።

ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር አቅሙን በአንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል፤ ማራገቢያውም በዚያው ልክ አቅሙ ከፍ ያለ ይሁን።

ምድጃን ከቀዝቃዛው ማሞቅ ብቻውን ነዳጅ ይበላል። የተጣራውን አጠራቅሙና በበጋ፣ ቀንና ሌሊት ሳታቋርጡ አቅልጡ፤ በክረምት መንገዱም ከሰሉም ጭቃ ነው።

ድኝ ያለበት ድንጋይ ሲቃጠል የሚያፍን ጭስ ይወጣዋል፤ ነፋሱ ወደ መንደር ከሚነፍስበት አቅጣጫ ራቁ። ዝቃጩንም ከአንገረብ ግድብ በላይ አትድፉ፤ ከተማው የሚጠጣው ከዚያ ነው።