የብሪታንያን የሄቪ ሜታል ማዕበል በቅደም ተከተል ለማድመጥ

የአዲሱን የብሪታንያ ሄቪ ሜታል (ከባድ የሮክ ሙዚቃ) ማዕበል መነሣትና መውደቅ በጆሮው ሊከታተል የሚሻ አድማጭ፣ ስያሜው ‹ሳውንድስ› በተባለው ሳምንታዊ የሙዚቃ ጋዜጣ ከወጣበት ከ1979 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ቢነሣ ይመረጣል። በመጀመሪያ የአይረን ሜይደን ቡድንን የ1980 አልበም ያድምጡ፤ ቀጥሎም ዳይመንድ ሄድ የተባለው ቡድን በዚያው ዓመት ያለ ትልቅ አሳታሚ ድጋፍ ያወጣውንና በነጭ ሽፋን የተሸጠውን ሸክላ ያስከትሉ። እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም፤ በዚሁ ሸክላ ያለው ‹አም አይ ኢቪል› የተሰኘው ዘፈን በከባድ ዝግታ ጀምሮ ኋላ ሲፈጥን፣ የአሜሪካው ቡድን ሜታሊካ ለምን መልሶ እንደ ተጫወተው ይገባዎታል።

ውድቀቱን ለመረዳት የዴፍ ሌፐርድ ቡድንን የ1983 አልበም ‹ፓይሮማኒያ› ይምረጡ፤ የተወለወለው ድምፁ የአሜሪካን ገበያ ሲያሸንፍ፣ በትንንሽ አሳታሚዎች የታቀፉት ብዙዎቹ ቡድኖች ተረስተዋል። በእኔ ግምት ፈጣኑ የሄቪ ሜታል ዘርፍ ትራሽ ሜታል ወጣቱን አድማጭ መንጠቁም የዚያኑ ያህል ጎድቷቸዋል።