ፈረምን ማለት ገባን ማለት አይደለም፦ ስለ አገራት ኅብረት ስናወራ የምንስታቸው ነገሮች

ባቲ፣ ሰኞ ገበያ። አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባው ሁሉ ተደባልቋል። አንድ ጨርቅ ነጋዴ ሻሹን እያጣጠፈ ጠየቀኝ፦ «የአፍሪካ ነጻ ገበያ ገብተናል ይላሉ። ታዲያ ቀረጡ ለምን አልቀረም?» ቡና ይዘን ተቀመጥን። በረካው ደርሶም መልሴ አላለቀም።

ያኔ የነገርኩትን፣ ደሴ ላይ ከምሰማው ክርክር ጋር አድርጌ ልጻፈው። ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ስህተት ፊርማን እንደ መግባት መቁጠር ነው። የአፍሪካ አህጉራዊ ነጻ የንግድ ቀጠና ስምምነት በ2018 ኪጋሊ ላይ ተፈረመ። ሥራ ላይ የዋለው ግን 22 አገራት በየምክር ቤታቸው አጽድቀው ሰነዱን ካስገቡ በኋላ፣ በ2019 ነው። ኢትዮጵያም ያጸደቀችው በዚያው ዓመት ነው። ንግዱ በይፋ የተከፈተው በ2021 መጀመሪያ ነው። ከዚያም ቢሆን ቀረጥ በአንድ ሌሊት አይነሳም። ከዕቃው ዝርዝር 90 በመቶው ላይ በየዓመቱ እየቀነሰ ይሄዳል፤ እንደ እኛ ላሉ በዝቅተኛ የዕድገት ደረጃ ላለን አገራት የተሰጠው ጊዜ 10 ዓመት ነው። 7 በመቶው ከዚያም የረዘመ ጊዜ አለው። 3 በመቶው ጭራሽ አይነካም። ስለዚህ ነጋዴው «ገብተናል ወይ?» ከማለት «የኔ ዕቃ የትኛው ዝርዝር ውስጥ ነው?» ቢል ይሻለዋል።

ሁለተኛው ስህተት ማኅበር ሁሉ አንድ ይመስለናል። ደረጃ አለው። ነጻ የንግድ ቀጠና ውስጥ አባላቱ እርስ በርስ ቀረጥ ያነሳሉ፤ ለውጭው ግን እያንዳንዱ የራሱን ቀረጥ ይይዛል። የጉምሩክ ኅብረት ሲሆን የውጭው ቀረጥም አንድ ይሆናል። የጋራ ገበያ ሠራተኛውንና ካፒታሉንም ይጨምራል። ከዚያ በላይ የጋራ ገንዘብ አለ። አውሮፓ በ1957 ሮም ላይ ተፈራርሞ የጉምሩክ ኅብረቱን በ1968 ጨረሰ፣ አንድ ገበያ የሆነው በ1993፣ የዩሮ ብር ሰው እጅ የገባው ደግሞ በ2002። ከሮም እስከ ኪስ 45 ዓመት ፈጀ ማለት ነው። እኛ ጋ ደግሞ ኮሜሳን፣ የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ የሚባለውን ማኅበር፣ ተመልከቱ። ኢትዮጵያ አባል ናት። በ2000 የኮሜሳ ነጻ የንግድ ቀጠና በ9 አገራት ሲጀመር ግን አልገባችበትም። አባልነቱ አለ፣ የቀረጡ ነገር ሌላ ነው።

ሦስተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ካፌ ውስጥ ድምፅ የሚያስነሳው እሱ ነውና። «ሉዓላዊነታችንን ሸጥን» የሚለው አለ፤ «ምንም አልሰጠንም» የሚለውም አለ። ለወሎ ሰው ይህ ሊከብደው አይገባም፣ ቅሬ (የሰፈር እድራችን) አለንና። እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ቅሬ ውስጥ ነው። ቅሬ የገባ ሰው ቤቱን አላስረከበም። ልጁን ለማን እንደሚድር የቅሬው ዳኛ አይወስንለትም። ለቅሶ ከቀረ ግን ይቀጣል፤ «ቤቴ ውስጥ ንጉሥ ነኝ» ቢል ማንም አይሰማውም። ስድስት የአውሮፓ አገራት በ1951 ያደረጉት ይህንኑ ነው። የድንጋይ ከሰልና የብረት ጉዳያቸውን ብቻ ለአንድ የጋራ ባለሥልጣን ሰጡ። ለምን እነዚህን? መድፍ የሚሠራው በነሱ ነበርና።

የአውሮፓው ማኅበር ዳኛም ቀልደኛ አልነበረም። አንድ የሚላን ጠበቃ 1,925 ሊሬ የመብራት ሒሳብ አልከፍልም ብሎ ተሟገተ። ጉዳዩ የጋራው ፍርድ ቤት ደርሶ በ1964 ውሳኔ ተሰጠ፦ አባል አገር ኋላ ባወጣው ሕግ የጋራውን ሕግ መሻር አይችልም። በመብራት ሒሳብ የተጀመረ ክርክር!

ምሳሌዬ ግን እዚህ ላይ ያነክሳል። የአፍሪካ ኅብረት ያን ዓይነት ዳኛ አይደለም። ትልቁ ውሳኔ የሚሰጠው በመሪዎቹ ጉባኤ ነው። ሁሉም ዳኛ የሆነበት ቅሬ በሉት። እንግዲህ ሉዓላዊነት ተወሰደ ብሎ ከመጮህ በፊት፣ ወሳኙ ማን እንደሆነ ማየት ነው።

ሌላው ከጎረቤት የመጣ ዕቃ ሁሉ ከቀረጥ ነጻ ይመስለናል። አይደለም። ከሩቅ ምሥራቅ መጥቶ ጎረቤት አገር ላይ ማሸጊያው ብቻ የተቀየረ ጨርቅ የአፍሪካ ዕቃ አይባልም። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተሰፋ ሱሪም ቢሆን፣ ክሩ ከየት መጣ፣ ጨርቁ የት ተሸመነ፣ እዚህ ምን ሥራ ተሠራበት ተብሎ ይጠየቃል። ማስረጃው ወረቀት ነው። ወረቀቱ ከሌለ ቀረጡ አለ።

መውጣትን የሚያቀልሉም አሉ። እንግሊዝ በ2016 ድምፅ ሰጥታ የወጣችው ጥር 2020 ላይ ነው። የመጀመሪያው የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ በ1977 ሲፈርስ፣ ኬንያ፣ ታንዛኒያና ኡጋንዳ በንብረት ክፍፍሉ ላይ የተስማሙት በ1984 ነው። እንደ ፍቺ ነው፤ የጋራ አየር መንገድና የጋራ ባቡር ነበራቸው።

ነጋዴው ይህን ሁሉ ሰምቶ ያነሳው አንዱን ብቻ ነው። «የኔ ሻሽስ የትኛው ዝርዝር ውስጥ ነው?» ዲክላራሲዮኑ፣ ዕቃው ሲገባ ለጉምሩክ የሚቀርበው ሰነድ፣ ላይ የዕቃው ቁጥር አለ፣ የመጀመሪያዎቹ 6 አሃዞች በየአገሩ አንድ ናቸው፣ ከዚያ ይጀመራል አልኩት።

«ዲክላራሲዮኑ አስመጪው ጋ ነው» አለና ስልኩን አወጣ። «ቆይ፣ ደሴ ልደውልና ያንብብልኝ።»